ካርዱ ሙሉ፣ መደርደሪያው ባዶ፦ ዊክና የ2022ቱ የሕፃናት ወተት እጥረት

እስቲ አንዲት እናት እናስብ። አገሩ አሜሪካ፣ ጊዜው ሜይ 2022 ነው። (እዚህ ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ልጇ ሦስት ወሩ ነው። ጡት አልሆነለትም፣ የሚያድገው በዱቄት ወተት ነው። እጇ ላይ የዊክ ካርድ አለ፤ ዊክ የአሜሪካ መንግሥት ለእናቶችና ለሕፃናት የሚሰጠው የምግብ ድጎማ ነው። የወሩ ወተት ተጭኖበታል። ዛሬ የገባችበት ሱቅ ሦስተኛዋ ነው። መደርደሪያው ላይ ሁለት ጣሳ አገኘች። እፎይ ብላ አንስታ ወደ ካሸሯ ሄደች። ካሸሯ ባርኮዱን አስነበበች። ማሽኑ ጮኸ፤ አይሆንም።

ብራንዱ ትክክል ነው። ዓይነቱም ትክክል ነው። ጣሳው ግን ትልቁ ነው። ዝርዝሩ ላይ ያለው ባለ 12.4 አውንሱ (350 ግራም ያህል) ነው።

እናትየዋን የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ማሽኑንና ደንቡን ግን አልፈጠርኩም። ያን ዓመት በአሜሪካ የዱቄት ወተት ከገበያ ሲጠፋ ብዙ ሰው ያየው ባዶ መደርደሪያውን ነው። እኔን የገረመኝ ካሸሯ ጋ ያለው ነገር ነው። መንግሥት ገንዘቡን አልከለከለም፤ ካርዱ ሙሉ ነበር። ወተቱ ተገኝቶ እንኳ ካርዱ እሺ የማይልበት ምክንያት ግን ብዙ ነበር። ይህ ጽሑፍ የዚያ ታሪክ ነው።

ስለ አሜሪካ የምግብ ድጎማ ሲወራ የእኛ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ፉድ ስታምፕ ነው። ፉድ ስታምፕን፣ የትምህርት ቤት ምሳንና ዊክን የሚመራው አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ በግብርና መሥሪያ ቤቱ ሥር ያለው የምግብና የሥነ ምግብ አገልግሎት። የተቋቋመው በ1969 ነው። እዚህ በአጭሩ ኤፍኤንኤስ እለዋለሁ።

በፉድ ስታምፕና በዊክ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ፉድ ስታምፕ ገንዘብ ነው። አብዛኛውን ምግብ ይገዙበታል፤ የፈለጉትን የሕፃን ወተትም ጭምር። ዊክ ግን የሚሰጠው ዝርዝር ነው። ይህን ያህል እንቁላል፣ ይህን ያህል ወተት፣ ይህ ዓይነት ሲሪያል፣ ይህን ያህል ባቄላ ወይም የኦቾሎኒ ቅቤ ይላል። የሚረዳውም ነፍሰ ጡሮችን፣ የወለዱ እናቶችንና አምስት ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች ነው። ገቢያቸው ከድህነት መስመሩ 185 በመቶ መብለጥ የለበትም። የመጀመሪያው ጣቢያ በ1974 ኬንተኪ ውስጥ ፓይንቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ተከፈተ። ዛሬ በአሜሪካ ካሉ ሕፃናት 40 በመቶ ያህሉ ዊክ ውስጥ ናቸው። በአገሪቱ ከሚሸጠው የዱቄት ወተት ግማሽ ያህሉ የሚገዛው በዚህ ፕሮግራም ነው።

ያን ያህል ገበያ በእጁ ያለ ገዢ ዋጋ መደራደሩ አይቀርም። ዊክም ተደራደረ።

አንድ ስቴት፣ አንድ ኩባንያ

ዊክ የሚሠራው ኮንግረስ በየዓመቱ በሚመድብለት በጀት ነው። በጀቱ ካለቀ ወረፋ ይመጣል። በ1980ዎቹ የዱቄት ወተት ዋጋ እየናረ ያን በጀት ይበላ ነበር። መፍትሔው ጨረታ ሆነ፤ በ1989 በሕግ ግዴታ ተደረገ። እያንዳንዱ ስቴት የወተት አምራቾችን ያጫርታል። ተመላሽ ገንዘቡ ሲቀነስ ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበ ኩባንያ ያሸንፋል። ከዚያ በኋላ በዚያ ስቴት የዊክ ሕፃን የሚጠጣው የአሸናፊውን ወተት ነው። ሱቁ በመደበኛ ዋጋ ይሸጣል፣ ዊክ ይከፍላል፣ ኩባንያው ደግሞ አብዛኛውን ለስቴቱ ይመልሳል። ተመላሹ ብዙ ጊዜ ከጅምላ ዋጋው 80 በመቶ በላይ ነው። በዓመት ሲደመር ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይሆናል። ያ ገንዘብ ተጨማሪ እናቶችንና ልጆችን ያስገባል።

ታዲያ ኩባንያው ምን ይጠቀማል? መደርደሪያውን ያገኛል። ሱቁ ግማሹ ደንበኛ የሚፈልገውን ብራንድ ፊት ለፊት በሰፊው ይደረድራል። ዊክ የሌላት እናትም ያንኑ ታያለች፣ ያንኑ በሙሉ ዋጋ ትገዛለች። የግብርና መሥሪያ ቤቱ የራሱ ተመራማሪዎች ውሉ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ሲዞር የገበያው ድርሻም አብሮ እንደሚዞር አሳይተዋል። ኩባንያው ለዊክ በነፃ ሊባል በሚችል ዋጋ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ጨረታው ላይ የሚቀርቡት ሦስት ብቻ ነበሩ። ሲሚላክን የሚያመርተው አቦት፣ የኤንፋሚሉ ሚድ ጆንሰን፣ በገርበር ስም የሚሸጠው ኔስሌ። በ2022 መጀመሪያ ላይ በዊክ ወተት ከሚያገኙት ሕፃናት ግማሽ ገደማ የሚሆኑት የአቦት ውል ባለባቸው ስቴቶች ነበሩ።

ጨረታውን የሚያወግዝ ብዙ ጽሑፍ አንብቤያለሁ። እኔ አልስማማም። ቅናሹ ባይኖር ብዙ እናቶች ወረፋ ላይ ይቀሩ ነበር። ችግሩ ውሉ ውስጥ "ይህ ኩባንያ አንድ ቀን ማቅረብ ቢያቅተውስ?" ለሚለው ጥያቄ በቂ መልስ አለመጻፉ ነው። ለሠላሳ ዓመት ማንም አጥብቆ አልጠየቀም። ወተቱ ሁልጊዜ ነበራ!

ከጣሳው ሥር ያለው ቁጥር

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2022 አቦት በሚቺጋን ስቴት ስተርጂስ ከተማ ያለው ፋብሪካው ያመረታቸውን የዱቄት ወተቶች ከገበያ መሰብሰብ ጀመረ። ሲሚላክ፣ አሊሜንተም፣ ኤሌኬር። ምክንያቱ ክሮኖባክተር የሚባል ባክቴሪያ ነው። ለትልቅ ሰው ብዙ አያሰጋም፤ አራስን ግን ሊገድል ይችላል። የታመሙ ሕፃናት ነበሩ፣ የሞቱም ነበሩ። ተቆጣጣሪው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ባክቴሪያውን ፋብሪካው ውስጥ አገኘው። ኩባንያው በበኩሉ ሕፃናቱን ያሳመመው ከእኔ ምርት የመጣ መሆኑ አልተረጋገጠም ብሎ ተከራክሯል። ከታማሚዎቹ የተወሰደው ናሙና በዘር ምርመራ ከፋብሪካው ጋር አለመመሳሰሉም እውነት ነው። የሆነ ሆኖ ፋብሪካው ቆመ። የአገሪቱን የዱቄት ወተት አንድ አምስተኛ ያህል የሚያመርት ነበር።

ወላጆች ጣሳውን ገልብጠው ሥሩን እንዲያዩ ተነገራቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ከ22 እስከ 37 ከሆኑ፣ ውስጡ ኬ8፣ ኤስኤች ወይም ዚ2 ካለበት፣ ማብቂያውም ከኤፕሪል 1 ቀን 2022 ወዲህ ከሆነ፣ አትስጡ። ሌሊት ሕፃን እያለቀሰ፣ በስልክ መብራት ይህን ማንበብ ምን ማለት እንደሆነ ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ የዊክ እናት መንገድ ከሌላዋ ተለየ። ሌላዋ ጣሳውን መልሳ ወይም ጥላ ከጎኑ ያለውን ብራንድ ገዛች። የዊክ እናት ወደ ሱቅ ብትመልሰው ባለሱቁ በሌላ ብራንድ ሊለውጥላት አይችልም፤ በደንቡ ለዊክ ደንበኛ እንዲህ ያለ ልውውጥ ክልክል ነው። ደንቡ የተጻፈው ማጭበርበር እንዳይኖር ነው፤ ሰው በዊክ ወስዶ መልሶ በጥሬ ገንዘብ እንዳይለውጥ። በደህና ጊዜ ምክንያታዊ ነው። የተበከለ ሊሆን የሚችል ወተት ይዛ ለቆመች እናት ግን ጉድ ነው። የወሩን ድርሻዋን አንዴ ተጠቅማለች፤ ሌላ ልትገዛበት የምትችለው የለም።

ኤፍኤንኤስ በቀናት ውስጥ ለስቴቶች ዌቨር አቀረበ፤ ደንቡን ለጊዜው የሚያነሳ ፈቃድ ማለት ነው። የመጀመሪያው ይኸው ልውውጥ ነበር። ባለሱቁ የተሰበሰበውን ወተት ተቀብሎ ሌላ እንዲሰጥ ተፈቀደ።

በአውንስ የሚለካ ደንብ

ከዚያ ሌሎቹ ደንቦች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። መጠኑን ላስረዳ፤ ትንሽ ሂሳብ አለው።

ጡት ጨርሶ ለማይጠባ ከአራት ወር በታች ለሆነ ሕፃን የፌደራል ደንቡ የሚፈቅደው ከፍተኛ የዱቄት ወተት በወር 870 አውንስ ነው፤ በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ በፈሳሽ አውንስ ተለክቶ (አንዱ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው)። ባለ 12.4 አውንሱ ጣሳ ሲበጠበጥ 90 አውንስ ያህል ይወጣዋል። ዘጠኝ ጣሳ 810 ነው። አሥረኛው ሲጨመር 900 ይሆናል፣ ደንቡን ያልፋል። ስለዚህ ዘጠኝ። የካርዱ ዝርዝር የተሠራው እንዲህ በጠብታ ተሰልቶ ነው። ትልቁ ጣሳ ከዚህ ሂሳብ ጋር አልገጥም ይላል። በኦዲት ዓይን ስታየው ትክክል ነው። ባዶ መደርደሪያ ፊት ቆመህ ስታየው ያሳብዳል።

ዌቨሩ ይህንንም አላላ። ስቴቱ ከፈለገ ትልልቅ ጣሳ መፍቀድ ይችላል፤ ሂሳቡ ከጣሪያው ትንሽ ቢያልፍም ችግር የለም። ቀጥሎ ብራንድ። በተለመደው ጊዜ ውል ከሌለው ኩባንያ ወተት ለመውሰድ ብዙ ጊዜ የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል። እሱም ተነሳ። ዓይነቱም ላላ፤ ዱቄቱ ከሌለ ፈሳሹ።

"ስቴቱ ከፈለገ" የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ያን ጊዜ ዊክን በየቦታው የሚያስተዳድሩት 89 ኤጀንሲዎች ነበሩ። ሃምሳው ስቴቶች፣ ዋሽንግተን ዲሲ፣ የአሜሪካ ግዛቶችና የነባር ሕዝቦች ድርጅቶች። ኤፍኤንኤስ በሩን ይከፍታል፤ መግባት የእነሱ ፋንታ ነው። አንዳንዱ ወዲያው ወሰደው። አንዳንዱ የሚያስፈልገውን ብቻ መርጦ ወሰደ። የወሰደውም ሥራው አላለቀለትም። እያንዳንዱ ስቴት የተፈቀዱ ምርቶች ዝርዝር አለው፣ በባርኮድ። አዲሱ ጣሳ ዝርዝሩ ላይ እስኪገባና ፋይሉ ወደ ሱቆቹ ማሽን እስኪደርስ ድረስ ካሸሯ ዋሽንግተን ምን እንዳለ ብታውቅም ምንም ማድረግ አትችልም። መግለጫው ማክሰኞ ይወጣል፣ ማሽኑ ግን ዓርብም "አይሆንም" ይል ይሆናል።

ለእኔ የዚህ ጉዳይ እምብርት ይህ ነው። ቀውስ ሲመጣ ሁሉም ስለ አውሮፕላንና ስለ ፋብሪካ ያወራል። የደሃዋን እናት ግን ወይ ያዳናት ወይ ያጉላላት ያ የባርኮድ ፋይል ነው።

አንድ ሌላም አለ፤ የስቴት ድንበር። የዊክ ካርድ የሚሠራው በሰጠው ስቴት ባሉ፣ ፈቃድ ባላቸው ሱቆች ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ኢስተርን አቬኑን ሲሻገሩ ሜሪላንድ ያልቅና ዲሲ ይጀምራል። በእግር አንድ ደቂቃ ነው። ወተቱ ከመንገዱ ማዶ ቢገኝ የሜሪላንድ ዊክ እዚያ ዋጋ የለውም። ፉድ ስታምፕ ግን በሁለቱም በኩል ይሠራል። በኢንተርኔት ማዘዝም ለዊክ ዝግ ነበር ማለት ይቻላል። ሌላው ወላጅ ሌሊት ስልኩ ላይ ተቀምጦ ከአምስት ድረ ገጽ ወተት ሲያድን የዊክ እናት ቤንዚን ታቃጥል ነበር፤ መኪና ካላት።

የወሩ መጨረሻ ደግሞ አለ። የዊክ ድርሻ ወደሚቀጥለው ወር አይዞርም። ከዘጠኙ ጣሳ አምስት ብቻ ያገኘች እናት የቀሩት አራቱ ወሩ ሲያልቅ ይሰረዙባታል።

ሜይ

ችግሩ በሜይ ጣሪያ ነካ። የችርቻሮ መረጃ የሚሰበስበው ዳታሴምብሊ ሜይ 8 ባለቀው ሳምንት ከዱቄት ወተት ምርቶች 43 በመቶው ከመደርደሪያ ጠፍተው እንደነበር አስታወቀ። የሕፃናት ሐኪሞች ወተቱን በውሃ አታቅጥኑ፣ ቤት ውስጥም አትሥሩ እያሉ ለመኑ። ሰው ይህን የሚያደርገው ባለማወቅ አይደለም። ጣሳው ግማሽ ሲደርስ አንዷን ማንኪያ በሁለት አውንስ ውሃ ሳይሆን በሦስት ማድረግ ያጓጓል። የቀጠነው ወተት ግን የሕፃኑን የሰውነት ጨው ያዛባል፤ እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርስ ይችላል።

"ለምን አታጠቢም?" የሚል ምክርም በየቦታው ይሰማ ነበር። ጡት የማጥባት ድጋፍ የሚሰጠው ራሱ ዊክ ነው፤ አማካሪም የጡት ማለቢያም ይሰጣል። ሦስት ወር የደረቀ ጡት ግን በምክር አይመለስም። ሥራ ቦታዋ ማለቢያ የማይፈቅድላት፣ መድኃኒት ላይ ያለች፣ ልጁን በማደጎ የወሰደችም አለች። ከሁሉ የባሰባቸው ተራውን ወተት ሆዳቸው የማይቀበል ሕፃናት ነበሩ። ለእነሱ የሚሆነው ኤሌኬር የሚመረተው በዚያው በተዘጋው ፋብሪካ ነው። በቴነሲ፣ ሜምፊስ ከተማ፣ ልዩ ወተታቸው በመጥፋቱ ሆስፒታል የገቡ ሁለት ልጆች እንዳሉ በዜና ተነግሯል።

ሜይ 13 የግብርና ኃላፊው ቶም ቪልሳክ ለስቴቶች ደብዳቤ ጻፉ፤ የቀረበላችሁን ፈቃድ ሁሉ ተጠቀሙበት የሚል። ሦስት ወር ሊሞላ ሲል ይህን መጻፍ ማስፈለጉ በሩ ተከፍቶም ያልገባ እንደነበረ ይነግረናል። ስቴቶቹን ግን ሰነፎች ብዬ ልደመድም አልፈልግም። ፍርሃታቸው የገንዘብ ነበር። እናትየዋ የሌላ ኩባንያ ወተት ከወሰደች ተመላሹ ገንዘብ የለም። ዊክ ሙሉ ዋጋ ይከፍላል፤ የተወሰነው በጀት በጥቂት ወር ያልቃል። ይህን ያቃለለው አቦት በውሉ ባለባቸው ስቴቶች ለተወዳዳሪዎቹ ወተትም ተመላሹን እከፍላለሁ ማለቱ ነው። የሌሎቹ ኩባንያዎች ውል ያለባቸው ስቴቶች ጥያቄ ግን እንዳለ ቀረ። አንዱ ሲጎድል ሁሉም ወደ ቀሪው ይሮጣልና እጥረቱ እነሱም ጋ ደርሷል። በኋላ የግብርና መሥሪያ ቤቱ ለእነሱ ተጨማሪውን ወጪ እሸፍናለሁ አለ።

ከዚያ ነገሩ ፈጠነ። ሜይ 16 ፋብሪካው የሚከፈትበት ስምምነት ተፈረመ። ሜይ 18 የተወካዮች ምክር ቤት የዊክን ሕግ በ414 ለ9 ድምፅ አሳለፈ፤ በማግስቱ ሴኔቱ፣ ሜይ 21 ፕሬዚዳንት ባይደን ፈረሙበት። ሜይ 22 የመጀመሪያው ወታደራዊ አውሮፕላን ከጀርመን ራምስታይን ወተት ጭኖ ኢንዲያናፖሊስ አረፈ። 78,000 ፓውንድ። ቴሌቪዥኑ በሙሉ እዚያ ነበር።

ከውጭ የመጣውን ጣሳም ቢሆን ካሸሯ ጋ የጠበቀችው ያችው ማሽን ናት። በግራም የሚለካ፣ በማንም ዝርዝር ላይ የሌለ፣ ባርኮዱ የማይታወቅ። ለእሱም ሌላ ዌቨር አስፈለገ።

ስተርጂስ ጁን 4 እንደገና ማምረት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ከባድ ዝናብ ጣለና ፋብሪካውን ውሃ ገባው። እንደገና ቆመ። (ይህን ልብ ወለድ ላይ ብጽፈው ማንም አያምነኝም።) በጁላይ ተመለሰ፤ መደርደሪያው ግን ቀስ እያለ ነው የሞላው። የዊክ ፈቃዶችም በ2023 መጀመሪያ ወራት እየተነሱ ሄዱ፤ እናቶችም ወደ ውል ብራንዳቸው ተመለሱ።

የቀረው

አዲሱ ሕግ ሁለት ነገር አደረገ። ለግብርና መሥሪያ ቤቱ በአደጋና በአቅርቦት መቋረጥ ጊዜ የዊክን ደንቦች የማላላት ቋሚ ሥልጣን ሰጠው። የስቴቶቹ ውሎችም ምርት ከገበያ ሲሰበሰብ ኩባንያው ምን እንደሚያደርግ እንዲጽፉ አስገደደ። ዝርዝር ደንቡ በዲሴምበር 2023 ወጣ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ "ቢያቅተውስ?" የሚለው ጥያቄ ውሉ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ያልተነካው ግን ይበዛል። አሁንም አንድ ስቴት፣ አንድ ኩባንያ ነው። አሁንም ጨረታው ላይ የሚቀርቡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የሁሉም ኤጀንሲ የባርኮድ ዝርዝር ለየብቻው ነው። ወሩ ሲያልቅ ደግሞ ያልተነሳው ጣሳ ዛሬም ከካርዱ ላይ ይሰረዛል።